የድሬዳዋ የትራፊክ አደጋ መዝገብ ለሕዝብ ይከፈት ወይስ አይከፈት?

መምህር (ሳቢያን)፦
ለቡድኑ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለክርክር የማነሣው ሐሳብ ይህ ነው፦ በድሬዳዋ የሚደርስ እያንዳንዱ የትራፊክ አደጋ፣ የማንም ሰው ስምና የማንም መኪና ሰሌዳ ሳይጠቀስ፣ የደረሰበት ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተሽከርካሪው ዓይነትና የጉዳቱ ክብደት በካርታ ላይ ተመልክቶ በየወሩ ይፋ ይደረግ። እስከ አሁን የምንሰማው ድምር ብቻ ነው፤ በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ በዚህን ያህሉ ላይ ከባድ፣ በዚህን ያህሉ ላይ ቀላል ጉዳት ደረሰ፣ በገንዘብ ሲተመን ይህን ያህል ንብረት ወደመ ይባላል። ድምሩ ለዜና ይበቃል፤ ከአሸዋ እስከ ቀፊራ ባለው መንገድ የትኛው መታጠፊያ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ መቀባት፣ የትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ የፍጥነት መቀነሻ መሥራት እንደሚገባ ግን አይነግረንም።

የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ ነገር ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ ለ2016 ያስመዘገበችው የመንገድ ላይ ሞት 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው 27,326 ነበር። ግምቱ ተጋንኗል የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ግማሹን ብንጥለው እንኳ የተመዘገበውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃን የመጠየቅ መብት ለማንም ሰው ስለሚሰጥ፣ የምጠይቀው እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ኢንስፔክተር (በትራፊክ ፖሊስነት አገልግሎ ጡረታ የወጣ)፦
መምህር፣ ዓላማዎ መልካም ነው፤ ሐሳቡን ግን እቃወማለሁ። ቅጹን ለዓመታት የሞላሁት ሰው እንደመሆኔ ምን እንደሚይዝ አውቃለሁ። ትራፊክ ፖሊስ አደጋ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ቁስለኛውን ያስነሣል፣ ከዚያ ሜትር ዘርግቶ ፕላን ያነሣል፣ ምስክር ይይዛል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከኋላ የተሰለፈው መኪና በሙሉ ጥሩንባ እየነፋበት ነው። ቦታ በሚለው መስመር ላይ «ቀፊራ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ» ይጽፋል። በየትኛው ወገን አለፍ ብሎ እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

የአደጋው ምክንያት የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት»፣ «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር»፣ «ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር» ከሚሉት አንዱ ይጻፋል። መብራት አለመኖሩን ወይም መንገዱ መጥበቡን መጻፍ የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቀው ጥፋተኛውን ነው፣ ኢንሹራንሱም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፣ ስለዚህ ብዕሩ ወደዚያው ያዘነብላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ካርታ ላይ ከወጣ ፍርድ ቤት ሳይወስን መንደሩ ይፈርዳል።

ሲስተር (ድንገተኛ ክፍል)፦
ኢንስፔክተር ስለ ፖሊስ መዝገብ የጻፉትን ስለ ሐኪም ቤቱ መዝገብም ልበለው። በእኛ መዝገብ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የመጣበት ምክንያት፣ የተሰጠው ሕክምናና የተሸኘበት ሁኔታ ይጻፋል። የመጣበት ምክንያት «አር ቲ ኤ» (በእንግሊዝኛ «የመንገድ ትራፊክ አደጋ» ለማለት) ተብሎ በሦስት ፊደል ያልፋል፤ እግረኛ ይሁን ተሳፋሪ፣ ባጃጅ ይግጨው አይሱዙ፣ የት ይግጨው፣ አይጠየቅም። ከዚያም ሌላ፣ ብዙው ቁስለኛ አምቡላንስ ሳይጠብቅ በተገኘው ባጃጅ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ ፖሊስ ቦታው ላይ ሲደርስ ቁስለኛውም ገጪውም የሉም።

አንድ ምሽት እግሩ የተሰበረ ጎረምሳ መጣ። ሱሪው ላይ የጎማ አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብሮት የመጣው ሰው «ከደረጃ ወድቆ ነው» አለኝ፤ ልጁም አንገቱን ነቀነቀ። መዝገቡ ላይ «መውደቅ» ተብሎ ተጻፈ። ገጪው የጎረቤት ልጅ እንደነበረና ሽማግሌዎች አስቀድመው ገብተው እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ሞትን መቁጠርም ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ አሠራር አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ጉዳት ያረፈን ሰው በትራፊክ አደጋ እንደሞተ ይቆጥረዋል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ በሳምንቱ ቢያርፍና ወሬውን ለትራፊክ ፖሊስ የሚያደርስ ከሌለ፣ ፋይሉ ላይ «ከባድ ጉዳት» እንደተባለ ይቀራል። ስለዚህ መምህር ይከፈት የሚሉት የትኛውን መዝገብ ነው?

የባጃጅ አሽከርካሪ (ገንደ ቆሬ)፦
ታላላቆቼ፣ በመሀላችሁ መግባቴን ይቅር በሉኝና እኔም የምፈራውን ልናገር። ካርታው ሲወጣ ከሁሉ በላይ የሚታይበት ባጃጅ ነው፤ ከተማውን ከጠዋት እስከ ማታ የሚዞረው ባጃጅ ነውና። ያን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ባጃጅ በዚህ መንገድ አይለፍ» ማለትን ነው። ስንት ሰው ስንት ጊዜ አሳፍረን በሰላም እንዳደረስን ግን ካርታው ላይ አይወጣም።

ሌላም አለ። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱ ላይ አሸዋ ጥሎ ይሄዳል። ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ደረቅ አሸዋ ላይ ፍሬን ሲይዝ የፊት ጎማው ይሸሸውና ይገለበጣል። እንዲህ የተገለበጠ ጓደኛዬ ወረቀቱ ላይ የተጻፈበት «ከፍጥነት ወሰን በላይ» የሚል ነው። አሸዋው በማግስቱ በአካፋ ተዛቀ፤ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ኢንጂነር (በመንገድ ሥራ ላይ ያለ)፦
ኢንስፔክተርና ወንድሜ የባጃጅ አሽከርካሪው ከተለያየ በር ገብተው አንድ ነገር ተናግረዋል፦ ፖሊስ ያየው እና ፖሊስ የገመተው በአንድ ወረቀት ላይ ተቀላቅለዋል። የሁለቱ መለየት ይቻላል። በብሪታንያ ፖሊስ «ስታትስ 19» በሚባለው ቅጽ የሚሰበስበው የአደጋ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ያለው ለማንም ክፍት ነው፤ ቦታው በካርታ ነጥብ፣ ሰዓቱ፣ የብርሃኑ ሁኔታ፣ የአስፋልቱ መድረቅና መርጠብ ሳይቀር ይገኝበታል። ፖሊሱ ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ የሚሞላው ምክንያት ግን በየአደጋው ተዘርዝሮ ለሕዝብ አይለቀቅም። እኛም ያንኑ ብናደርግ «መንደሩ ይፈርዳል» የሚለው ሥጋት በአብዛኛው ይቃለላል።

ቦታ በትክክል መታወቁ ምን እንደሚጠቅም ለማየት የደንገጎን ቁልቁለት እንውሰድ። ከሐረር በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ከደጋው ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ድሬዳዋ የሚወርደው በተከታታይ ጠመዝማዛ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ መውረዱን ትቶ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ፣ የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ያቆማል፤ «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ይህንን ነው። መዝገቡ ላይ «የቴክኒክ ጉድለት» ወይም «የአሽከርካሪ ስህተት» ይባላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፍሬን የበጠሰ መኪና ገብቶ የሚቆምበት የጠጠር መውጫ የቱ ጋ ይሠራ ብሎ ለሚጠይቅ መሐንዲስ ግን ምንም አይነግሩትም። ለእርሱ የሚያስፈልገው መኪኖቹ መንገድ የሚስቱት ከየትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሆነ ነው።

እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መንገዱ አንድ ሲሆን መዝጋቢው ሦስት ነው፦ ከታች የድሬዳዋ አስተዳደር፣ ከላይ ሐረማያንና አወዳይን ይዞ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ ከዚያ የሐረሪ ክልል። ቁስለኛው ወደ ድሬዳዋው ድል ጮራ ሐኪም ቤት ይውረድ ወይም ወደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ሐኪም ቤት ይውጣ፣ የሚወስነው መኪናው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ነው። ወሰን ላይ የደረሰ አደጋ ሁለት ጊዜ ሊጻፍ፣ ወይም ሁለቱም ወገን «የዚያኛው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔን ቢጠይቁኝ ከከተማው ካርታ በፊት የዚህን መንገድ መረጃ አንድ ቦታ የሚያሰባስብ ስምምነት ይቅደም እላለሁ።

የባጃጁን ነገር በተመለከተ፣ የአደጋ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። በዚያ መንገድ በቀን ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት እግረኛ ያልፋል የሚለው ቆጠራ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄም አለ። በአንድ ዓመት አራት አደጋ ያየ መስቀለኛ መንገድ ምንም ሳይሠራለት በቀጣዩ ዓመት ሁለት ብቻ ሊያይ ይችላል፤ የፊተኛው ዓመት በአጋጣሚ ከፍ ብሎ ነበርና። በመሀል የፍጥነት መቀነሻ የሠራ መሥሪያ ቤት ግን «በግማሽ ቀነስን» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። (እንዲህ ያለ ሪፖርት አንብቤ አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል።) ቢያንስ የሦስት ዓመት መረጃ ሳይታይ ቦታ መምረጥም ውጤት መለካትም አይገባም።

ኢንስፔክተር፦
ኢንጂነር ምክንያቱን ለይተን እናስቀር ማለታቸውን እቀበላለሁ። ቦታውንም በተመለከተ ፖሊሱ ስልኩን አውጥቶ ነጥቡን ቢይዝ የ«አለፍ ብሎ» ችግር በአንድ ቀን ይፈታል፤ ጂ ፒ ኤስ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። አሁንም ግን አንድ የማልለቀው ነገር አለ። ሁሉን የሚመዘግብ ትጉ ጣቢያ ያለበት አካባቢ ካርታው ላይ ደም ለብሶ ይታያል፤ ግማሹን በቃል «ተስማሙ» ብሎ የሚሸኝ ጣቢያ ያለበት ደግሞ ሰላማዊ ይመስላል። ይህ በየወሩ ይፋ ከሆነ የጣቢያ ኃላፊው የሚማረው ምን መሰላችሁ? መንገዱን ሳይሆን መዝገቡን ማሳመር ነው።

የሕግ ባለሙያ (ከዚራ)፦
እስከ አሁን ያልተነካ ጉዳይ ልጨምር። እዚህ አገር ግጭት ሲደርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በሶማሌው ወገን ዲያ፣ በኦሮሞው ወገን ጉማ የሚባለው የደም ካሣ ተከፍሎ ነገሩ ይበርዳል። ይህን ልማድ የሚያናንቅ ሰው ስንት ቂም እንዳስቀረ አያውቅም። ይሁንና ተጎጂው ዕርቁን ሲቀበል የፖሊስ ማስረጃ ሳይያዝ ይቀራል፤ ያለዚያ ማስረጃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ከሦስተኛ ወገን መድን የሚገባውን ካሣ ለመጠየቅ ይቸገራል። ሲስተር የነገሩን ጎረምሳ እግሩ ዘላቂ ጉዳት ቢያገኘው «ከደረጃ ወድቆ» የሚለው መዝገብ ይመሰክርበታል። ስለዚህ ሽምግልናው ይቀጥል፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ምዝገባው ይፈጸም፣ ከዚያ እንታረቅ» እንዲሉ ማሳመን ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ስም ሳይጠቀስ ማለትም በቂ ጥበቃ አይሆንም። «ገንደ ቆሬ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ የ7 ዓመት ሕፃን» ብሎ የሚወጣ ነጥብ ለሰፈሩ ሰው ስም እንደመጥራት ነው። የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ዕድሜው ይቅር፣ ቀኑ በወር፣ ሰዓቱም በሰፊ ክፍል ይገለጽ፤ እንዲህ ከሆነ ድጋፌን እሰጣለሁ።

መምህር፦
የሕግ ባለሙያው ያቀረቡትን ማሻሻያ ተቀብያለሁ። የኢንስፔክተር ሥጋት ግን ይበልጥ ወደ መክፈት የሚገፋ ይመስለኛል፤ መዝገቡን ያሳመረ ጣቢያ የሚጋለጠው ሐኪም ቤቱ የያዘው ቁጥር አጠገቡ ሲቀመጥ ነውና። ለአብነት ያህል ፖሊስ በአንድ ወቅት 60 ከባድ ጉዳት መዘገበ እንበል፤ ሐኪም ቤት 80፤ በሁለቱም ላይ የሚገኙት 40 ሆኑ። ሐኪም ቤት ካየው ፖሊስ የያዘው ግማሹን ነው ማለት ነው፤ እንግዲያስ የፖሊስ 60 የጠቅላላው ግማሽ ነው፣ ጠቅላላውም ወደ 120 ይጠጋል። ከባዱ ጉዳት በሁለቱም ዘንድ የመመዝገብ ዕድሉ የበለጠ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ስዊድን የፖሊስንና የድንገተኛ ሕክምናን መረጃ «ስትራዳ» በሚባል አንድ ሥርዓት የምታገናኘው ለዚሁ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
40ዎቹን ለመለየት ስም ከስም ማስተያየት ያስፈልጋል። የታማሚ ስም ለፖሊስ ተላልፎ ከተሰጠ ነገ «ከደረጃ ወደቅሁ» የሚለው ሰው በእጥፍ ይጨምራል፤ ጭራሽ ሐኪም ቤት የማይመጣም ይኖራል። ማስተያየቱን የሚሠራው የጤና ቢሮው ይሁን፣ ለፖሊስ የሚመለሰውም ቁጥር ብቻ ይሁን።

ሲስተር፦
በዚህ እስማማለሁ። በበኩሌ ማንንም ሳልጠብቅ መዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ በማስመሪያ ማስመር እችላለሁ፦ እግረኛ ወይስ ተሳፋሪ ወይስ አሽከርካሪ፣ ምን ገጨው፣ የት። ሌሊት ተረኛ ለሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥያቄ መጨመር መዝገቡን ባዶ ማስቀረት ነው።

ኢንስፔክተር፦
የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ መረጃው ይሰብሰብ፣ ይነጻጸር፣ ግን የመጀመሪያው ዓመት በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ብቻ ይቆይ።

መምህር፦
ያልተከፈተ ዓመት ሌላ ያልተከፈተ ዓመት ይወልዳል ብዬ ስለምፈራ፣ በዚህ ላይ ከኢንስፔክተር ጋር አልስማማም። ጉድለቱ ከጎኑ ተጽፎ ከመጀመሪያው ወር ይውጣ።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦
ዘንድሮም ዝናቡ እየቀረበ ነው። አሸዋ የሚከመርባቸውን ቦታዎች በማኅበራችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ከእነ ፎቶው ልናዘጋጅ እንችላለን። ኢንጂነር፣ ማን ይቀበለናል?

ኢንጂነር፦
ከፎቶው ጋር የጂ ፒ ኤስ ነጥቡንና ቀኑን ጨምራችሁ በማኅበራችሁ ማኅተም ለከተማው የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አስገቡ፤ ግልባጩን ለትራፊክ ፖሊስ አድርጉ፣ የገቢ ቁጥሩንም ሳትይዙ እንዳትወጡ።