ላሞትሪጂን ለኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1?

ጥያቄ፦ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 (በነርቮች ላይ ዕጢ የሚያበቅልና መማርንም ሊያውክ የሚችል የዘር በሽታ) ያለበት ልጄ አንድ ገጽ አንብቦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። የሚጥል በሽታ የለበትም፤ ሆኖም ላሞትሪጂን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለትምህርቱ ሊረዳው ይችላል መባሉን ሰምቻለሁና መሠረቱን ብታስረዱኝ?

መልስ 1፦ መሠረቱ የአይጥ ጥናት ነው። ኒውሮፋይብሮሚን የተባለው ፕሮቲን ሲጎድል የአንጎል ገቺ ሕዋሳት (የሌሎች ነርቭ ሕዋሳትን ሥራ የሚቀንሱት) ከልክ በላይ ስለሚሠሩ መማር ይዳከማል፤ በ2015 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ላሞትሪጂን በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ያሉትን ኤችሲኤን የተባሉ የአዮን (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች) መተላለፊያዎች በማነቃቃት የሕዋሳቱን ከልክ ያለፈ ሥራ ቀንሶ የአይጦቹን የመማር ችሎታ አሻሽሏል። ለዕጢዎቹ ግን የታሰበ አይደለም።

መልስ 2፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ነገር ግን ስታቲኖች የተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጥተው ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ሲምቫስታቲን በልጆች ላይ ለ12 ወራት ሲሞከር አልጠቀመም። ላሞትሪጂን አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ ሽፍታ ስለሚያስከትልና መጠኑ በሳምንታት ቀስ በቀስ መጨመር ስላለበት፣ ያለ ነርቭ ሐኪም ፈጽሞ እንዳያስጀምሩት አደራ።