ኪራይ የናረበት አዲስ ሰፈር ይሻላል ወይስ ውድ የሆነው የቆየ ሰፈር?

ጀማሪ ገዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማከራየው አፓርታማ ልገዛ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ ምርጫዬ ትልቅ ፋብሪካ የተከፈተበት ከተማ ዳር ያለ ቤት ነው። ኪራይ እንደ ጉድ ጨምሯል። ደላላው "ሳያልቅ ተከራይ ይሻማበታል" ይለኛል። ዙሪያው ሰፊ ሜዳ ነው፣ በየቦታው ግንባታ አለ። ሌላው መሀል ከተማ፣ የቆየ ሰፈር ነው። ዋጋው ውድ፣ ኪራዩ ቀስ እያለ የሚጨምር። ልቤ ወደ ፋብሪካው አድልቷል። ምን ትላላችሁ?

ቁጥር ወዳድ፦
መጀመሪያ ሂሳቡን ሥራ። የዓመቱን ኪራይ ያዝ፣ ጥገናውንና ግብሩን ቀንስ፣ ቀሪውን ለቤቱ ዋጋ አካፍል። ባዶ የሚቆይበትን ጊዜም አትርሳ። ቤቱ አንድ ወር ያለ ተከራይ ከዋለ ከዓመቱ ኪራይ 8 በመቶ ያህሉ ሄደ ማለት ነው።

ቤት አከራይ፦
ሥራዬ የሰው ቤት ማከራየትና ማስተዳደር ነው። ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ ፋብሪካው አይደለም፣ ሜዳው ነው።

ኪራይ የሚንረው ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣና ቤት ቶሎ ሳይደርስ ሲቀር ነው። አፓርታማ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ዛሬ የምታየው ኪራይ የዚህ ክፍተት ዋጋ ነው። ግን ያንኑ ኪራይ ያየኸው አንተ ብቻ አይደለህም፣ ብዙ ሰው አይቶ መገንባት ጀምሯል። ሁሉም በተቀራረበ ጊዜ ይጨርሳል። መሬት እንደ ልብ በሚገኝበት ቦታ ፍላጎት ሲጨምር ብዙ ቤት ይሠራል፣ ዋጋው ብዙም አይዘልቅም። ቦታ በጠበበበት ሰፈር ግን ያው ፍላጎት ዋጋውን ይዞ ይወጣል። "ውድ ነው" ያልከው የቆየ ሰፈር ውድ የሆነው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ተከራዮችህ ሁሉ ደመወዝ የሚያገኙት ከአንድ በር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ዳኮታ፣ ዊሊስተን የምትባል ከተማ አለች። ነዳጅ ሲገኝ ሠራተኛ ጎረፈ፣ ኪራይ ጣራ ነካ፣ አፓርታማ በላይ በላዩ ተሠራ። በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ሠራተኛው ሄደ፣ ኪራዩም አብሮ ወደቀ። ቤቶቹ ግን እዚያው ቀሩ።

ክፉው ነገር ይሄ ነው። ፍላጎት ሲመጣ ቤት ይጨመራል፣ ፍላጎት ሲሄድ ግን ቤት ተነስቶ አይሄድም። የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ የነበረችው የአሜሪካዋ ዲትሮይት በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በ2020 ወደ 640 ሺህ ወርዳለች። ብዙ ቤት ከመሥሪያ ዋጋው በታች ተሸጧል።

ጀማሪ ገዢ፦
አመሰግናለሁ፣ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። ግን እኔ እንደ ተራ ሰው አቅርቦቱን በምን ልለካው?

ቤት አከራይ፦
ለሽያጭ የቀረቡትን ቤቶች በአንድ ወር ለሚሸጡት አካፍል። ውጤቱ ወደ 6 ከመጣ፣ ማለትም ያለው ቤት ለስድስት ወር ሽያጭ የሚበቃ ከሆነ፣ ገበያው ሚዛኑን ጠብቋል ይባላል። በጣም ከበለጠ ገዢ ዋጋ ማስቀነስ ይችላል። በአካባቢው ስንት የግንባታ ፈቃድ እንደተሰጠም ጠይቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ያሳይሃል።

ደግሞ ማታ ሂድ። ባለፈው ዓመት ያለቁትን ሕንፃዎች ቀና ብለህ እይ። "ተሸጦ አልቋል" በተባለ ሕንፃ ላይ ግማሹ መስኮት መጋረጃም መብራትም ከሌለው፣ የገዛው ሰው ተከራይ እየፈለገ ነው ማለት ነው። አንተ ስትገባ የምትወዳደረው ከእሱ ጋር ነው። ቶሎ ለማከራየት ሲል ዋጋ ይሰብራል፣ አንተም ትከተለዋለህ።

ቁጥር ወዳድ፦
እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ የፋብሪካውን ቤት ከወደድከው የዛሬውን ኪራይ ትተህ ፋብሪካው ከመከፈቱ በፊት በነበረው ኪራይ አስላው። በዚያም ብድርህን ከከፈለልህ ግዛው።