ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ጂኤስኤን፦ ሹተሩ ቀጭ ይላል፣ መብራቱ ግን አይበራም

የመሳቢያው ካሜራ (ጠያቂ፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ጂኤስኤን የፊልም ካሜራ እጄ ገብቷል። ብዙ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ ሻጋታ የለውም። ፊልም ማዞሪያው ይዞራል፣ ሹተሩም (ለፊልሙ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ቁልፉን ስጫን ቀጭ ይላል። ግን ከላይ ያሉት ቀዩና ቢጫው መብራቶች አይበሩም። ከኋላ ያለችውን የባትሪ መፈተሻም ስጫን ምንም የለም። ባትሪ ቤቱ ባዶ ነው፤ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሱቅ ስጠይቅ ባትሪውን የሚያውቀው አጣሁ። አንዱ እንዲያውም "ሞቷል፣ ለጌጥ አስቀምጪው" አለኝ። እውነቱን ነው? የአክስቴ ልጅ አንድ ባለ 400 ፊልም ልካልኛለች፣ እንዳላባክነው ፈርቼ ነው።

ሜሪላንድ ያለሁት
ኧረ አልሞተም! ኦሪጅናሉ ባለ 5.6 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር። ሜርኩሪ ስለታገደ አሁን አይመረትም። እዚህ ሁላችንም የምንጠቀመው ባለ 6 ቮልቱን 4ኤልአር44 ነው። ከኦሪጅናሉ ቀጭንም አጭርም ስለሆነ አዳፕተር ይሸጥለታል። የቮልቱ ልዩነት አያስጨንቅሽ፣ ካሜራው ይችለዋል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ አስልኪ።

የፒያሳ ልጅ
አዳፕተር እስኪመጣ ለምን ትጠብቃለች? እህቴ፣ ሰዓት ሰሪዎች ጋ ሂጂና ኤልአር44 የምትባለውን ክብ ባትሪ አራት ግዢ። ኤጂ13 ብለውም ይሸጧታል፣ ያው ናት። እያንዳንዷ 1.5 ቮልት ስለሆነች አራቱ ሲደራረቡ 6 ይሞላሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ፣ አንዷ ከተገለበጠች አይሠራም። በወረቀት ጠቅልያቸው፤ ባትሪ ቤቱ ውስጥ እንዳይወዛወዙ ወረቀቱ ወፈር ይበል። የጎደለውን ርዝመት በሞላ ወይም ተጨብጦ በጠነከረ ፎይል ሙዪው። ፎይሉ ግን ጎን ለጎን ብረት እንዳይነካ። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ባትሪ ቤቱ ላይ ያለውን ምልክት እዪ።

ሞላና ካቻቪቴ
ከዚያ በፊት ግን አረንጓዴው ይጽዳ። አዲስ ባትሪ ዝገት ላይ ቢቀመጥ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አቼቶ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ ብረቱን እሺው። እንዳይንጠባጠብ። ቀጥሎ በአልኮል ጥረጊውና ይድረቅ። የክዳኑን ብረትም አትርሺ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፊልም ማዞሪያውን ቀስ ብለሽ ስታዞሪ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ከውስጥ "ዷ" የሚል ድምፅ ይሰማል? በዚህ ሞዴል ትልቁ በሽታ እዚያ ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ የጎማ ንጣፍ በዕድሜ ትበሰብሳለች። ስትጠፋ ድምፁም ይጠፋል፣ የሹተሩ ፍጥነትም ይዛባል። ባትሪ ብትቀያይሪ አይድንም። ወደ ንጣፏ ለመድረስ ካሜራውን መፍታት ስለሚያስፈልግ ቤት ውስጥ አትሞክሪው።

ጥቁርና ነጭ
ማዞሪያው ወይም የሌንሱ ቀለበት ከከበዳት ትንሽ ደብልዩ ዲ (የሚነፋ ማለስለሻ ዘይት) ብትነፋበትስ?

ሞላና ካቻቪቴ
በፍጹም! ዘይቱ ተንሸራቶ የሹተሩ ቅጠሎች ላይ ይደርሳል። ቅጠሎቹ ከወረቀት የሳሱ ናቸው፤ ዘይት ከነካቸው ይጣበቃሉ። ጥሩ ሹተር የተበላሸው በዝገት ሳይሆን በዚህ ነው፣ እጄ ላይ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ነው።

የመሳቢያው ካሜራ
እግዜር ይስጥልኝ! "ዷ" የሚለው ድምፅ አለ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። በአቼቶ አጽድቼ አራቱን ባትሪ አስገባሁ። መፈተሻዋን ስጫን የፊልም ቆጣሪዋ መስኮት በአረንጓዴ በራች! ቢጫውም በራ። ፊልም ሳላስገባ ሹተሩን የምፈትንበት መንገድ አለ?

ሞላና ካቻቪቴ
ድምፁ ካለ ግማሹን ጭንቀት ጣይው። የኋላውን በር ከፍተሽ ወደ ሌንሱ እያየሽ ሞክሪ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) 16 ላይ አድርገሽ ስትጫኚ ቀጭ ብሎ ይከፈትና ቆየት ብሎ ይዘጋል። ከዚያ 1.7 ላይ አድርገሽ ወደ መስኮት አዙሪውና ተጫኚ፤ ብልጭ ብሎ ይዘጋል። ልዩነቱ በዓይን ከታየሽ ኤሌክትሮኒክሱ ደህና ነው። ሁለቱም ቦታ እኩል ከፈጠነ ግን ባትሪውን እንደገና እዪ፤ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ሁሌ በ1/500 ሰከንድ ነው የሚተኩሰው።

ጥቁርና ነጭ
የመብራቶቹን ነገር ልጨምር። ካሜራው ፍጥነቱን ራሱ ይመርጣል፣ ያንቺ ሥራ አፐርቸሩን ማዞር ብቻ ነው። ቁልፉን በግማሽ ስትጫኚ ቀዩ ከበራ ብርሃኑ ከ1/500 በላይ ጠይቋል ማለት ነው፤ ወደ ትልቁ ቁጥር አዙሪ። ቢጫው ከበራ ፍጥነቱ ከ1/30 ወርዷል፤ ወደ ትንሹ ቁጥር አዙሪ ወይም ካሜራውን የሆነ ነገር ላይ አስቀምጪው። ሁለቱም ካልበሩ ተኩሺ። የኤኤስኤ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ትብነት) መደወያውን እንደ ፊልምሽ 400 ላይ ማድረግሽን አትርሺ።

የፒያሳ ልጅ
የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ላይ 400 ፊልም እንዳይጨንቅሽ። 16 ላይ ካላደረግሽው ቀዩ አይጠፋም። በነገራችን ላይ ይሄ ነገር ባትሪ ሲያልቅ ይጠቅማል፤ ጠራራ ፀሐይ፣ 400 ፊልም፣ 16፣ 1/500፤ ስሌቱ ይገጥማል። ደመና ሲሆን 8 ላይ አድርጊ። ያለ ባትሪም አንድ ፊልም ይጨርሳል።

ሜሪላንድ ያለሁት
የካኖኔት ኪውኤል17 ጂ3 (የካኖን የፊልም ካሜራ) ባለቤት ስለሆንኩ ልኩራራ፦ የኔ ያለ ባትሪም በሁሉም ፍጥነት ይሠራል። እናንተ በ1/500 ብቻ ቅሩ!

ሞላና ካቻቪቴ
ተኩራራ፣ የአንተ ግን የያሺካን ያህል ረጅም ፍጥነት በራሱ አይሰጥህም። ኤሌክትሮው እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ይቆያል። በሻማ ብርሃን ፎቶ ማንሳት እንችላለን።

እህቴ፣ ፊልሙን ሳታስገቢ አንድ ነገር ይቀራል። የኋላ በሩ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ አልቋል፣ ብርሃን ያስገባል። በአልኮል ጠርገሽ አውጪውና በምትኩ ጥቁር የሹራብ ክር በቀጭን ሙጫ ቦዩ ውስጥ አጣብቂ። ሹተሩ አካባቢ ፍርፋሪ እንዳይገባ ካሜራውን ዘቅዝቀሽ ሥሪ።

የመሳቢያው ካሜራ
ስፖንጁ አልቋል፣ ጣቴን አጠቆረው። ክሩን ዛሬ እገዛለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ መሃል ላይ ያለችው ቢጫ ምስል፣ ፎከስ ስናደርግ የምትገጣጠመው፣ ደብዛዛ ናት። መስታወቱን ከውስጥ ልጥረግ?

ጥቁርና ነጭ
ከውስጥ አትንኪው! ያ መስታወት ላይ ያለው ቅብ በጥጥ ይለቃል፣ ከለቀቀ አይመለስም። ከውጭ፣ በካሜራው ፊት በኩል ማያ መስኮቱ መሃል ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ቴፕ ለጥፊ። የመሃሉን ብርሃን ስለሚቀንስ ቢጫዋ ምስል ጎልታ ትወጣለች። ካልወደድሽው ትልጪዋለሽ።

የመሳቢያው ካሜራ
ቴፑን ለጠፍኩ፣ ትለያለች! ክሩ ሲደርቅ ፊልሙን አስገባለሁ። እዚህ አዲስ አበባ የቀለም ፊልም የሚያጥብ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።