«ብረት ለበስ መሐላ» እና «ውሻውን ዋጠ»፦ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ዜጎች የማሉት መሐላ በአማርኛ ምን ይባል?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ስለነበረው ጊዜ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ለደቡቡ ወገን ቆሞ የነበረ ሰው፣ ገበሬውም ባለሱቁም መምህሩም፣ መብቱን ለማስመለስ እጁን አንሥቶ ይምላል፤ ወረቀት ላይም ይፈርማል። የደቡቡ ዋና ከተማ በነበረችው በሪችመንድ በዚያው ዓመት ጸደይ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ሙሽሮች ሳይምሉ የጋብቻ ፈቃድ እንዳይሰጣቸው እስከ ማዘዝ ደርሶ ነበር።

ያስቸገሩኝ አባባሎች እነዚህ ናቸው። ዋናውን መሐላ «የታማኝነት መሐላ» ብዬዋለሁ፤ ግን ከእርሱ ሌላ በጦር መርከብ ስም የሚጠራ ሁለተኛ መሐላ አለ። ቀጥሎ፣ ምለው ወደ ሰሜኑ ጦር የገቡ የደቡብ ምርኮኞች በዚንክ እንደ ተለበጠ ብረት ተቆጥረው የወጣላቸው ቅጽል አለ። የመጨረሻው የባሰ ነው። ደቡቦቹ አንድ ሰው መሐላውን ሲምል «ውሻውን ዋጠ» ይሉ ነበር። እንዳለ ብተወው አንባቢ ይደናገራል ብዬ «ኮሶውን ጠጣ» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአማርኛ መምህሩ፦
እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ትክክለኛ ነገር ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ኮሶውን አውጪው።

ኮሶ ይመራል፤ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ነገር ግን ኮሶን ሰው ወዶ፣ ለጤናው ብሎ ይጠጣዋል። ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ይሻለዋል። «ኮሶውን ጠጣ» ያልሽ እንደሆነ አንባቢሽ «ቢመርም ለበጎ ነው» ብሎ ያነበዋል፤ የጠጣውን ሰውም ያዝንለታል። ደቡቦቹ «ውሻ» ሲሉ የሚናገሩት ከምሬት ያለፈ ነገር ነው። በአፉ ሊገባ የማይገባ ነገር በአፉ እንደ ገባ፣ እንደ ረከሰ አድርጎ ነው ሰውዬው የሚቆጥረው። ይህን የእኛ አንባቢ ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የውሻ ሥጋ የሚለውን ሐሳብ ብቻ ሰምቶ የማይዘገንነው ማን አለ? ስለዚህ «ውሻውን ዋጠ» ብለሽ ጻፊው፤ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪለት፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ ይሄዳል። አንዳንዶቹ «ንስሩን ዋጠ» ይሉም ነበር፤ ንስሩ የአሜሪካ መንግሥት ምልክት ነውና። እርሱንም ካገኘሽው አብረሽ አስቀምጪው።

ለ«ዋጠ» አትስጊ። «ንዴቱን ዋጠ»፣ «ስድቡን ዋጠው» እንላለን፤ ወደ ውስጥ የገባ ውርደት በዚህ ግስ ይነገራል። «ምራቁን የዋጠ» የበሰለ ሰው ስለሆነ ከዚያ ጋር እንዳይጋጭብሽ ብቻ ተጠንቀቂ።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ይሞቃል። እነዚህ ሰዎች «ውሻ» ያሉት ምንን ነበር? ፕሬዚዳንት ሊንከን ዲሴምበር 8 ቀን 1863 ባወጣው አዋጅ ውስጥ ያለው መሐላ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ለሕገ መንግሥቱና ለክፍላተ ሀገሩ ኅብረት መታመን ነው። ሌላው ስለ ባሮች የወጡትን ሕጎችና አዋጆች መቀበል ነው። በጦርነቱ መጨረሻ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከባርነት ወጥቷል። ለመዋጥ ካስቸገራቸው ነገር አንዱ የእነዚህ ሰዎች ነፃ መውጣት ነበር። ኮሶው ይህን ይሸፍነዋል፤ ውሻው ግን የተናጋሪውን ንቀት እንዳለ ያሳያል። ተርጓሚ የሚጠላውን አባባል አሳምሮ ማቅረብ የለበትም።

የሕግ ባለሙያው፦
መምህር ስለ ውሻው ያሉት ይበቃል፤ እኔ ወደ ዋናው ስም ልመለስ። ሁለቱንም መሐላ «የታማኝነት መሐላ» ካልሽው ጽሑፍሽ ውስጥ ትልቅ ነገር ይጠፋል።

የሊንከን መሐላ ወደ ፊት ያያል፤ ቁልፍ ቃሉ «ከእንግዲህ ወዲህ» ነው። ሰውዬው ትናንት ጠብመንጃ ተሸክሞ ነበር፤ ዛሬ «ከእንግዲህ እታመናለሁ» ይላል፤ ያለፈው ይተውለታል። በአንድ ክፍለ ሀገር በ1860 ምርጫ ድምፅ ከሰጡት መካከል አሥር በመቶው ይህን ከማሉ የክፍለ ሀገሩን መንግሥት ማቋቋም ይችሉ ነበር። ሁለተኛው መሐላ ግን ኮንግረሱ ጁላይ 2 ቀን 1862 የደነገገው ነው፤ ወደ ኋላ ያያል። «በአሜሪካ ላይ በፈቃዴ መሣሪያ አንሥቼ አላውቅም፣ ላነሡባትም እርዳታ፣ ምክር፣ ማበረታቻ ሰጥቼ አላውቅም» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ከዳተኛም ሊምለው ይችላል፤ ምሎም ሰው ይሆናል። ሁለተኛውን የዘመተ ሰው ከማለ ውሸታም ነው፤ ካልማለ ደግሞ በፌዴራሉ መንግሥት ሹመት አይሰጠውም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያታልለናል፤ ለሁለቱም «ማለ» ነውና የምንለው። «ላላደርግ ማለ» እንላለን፣ «አላደረግኩም ብሎ ማለ»ም እንላለን። ያንዱ ባሕርይ ቃል ኪዳን ነው፤ የሌላው ምስክርነት ነው። በድሮው አፈርሳታ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ተይዞ ይምል የነበረው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ስላለፈው። ስለዚህ አንዱን «የታማኝነት መሐላ»፣ ሌላውን «የንጽሕና መሐላ» ብትዪው እመክራለሁ። «ንጹሕ ነኝ» ብሎ መማል ማለት ነው።

ሚዙሪ የምትባለው ክፍለ ሀገር በ1865 ሕገ መንግሥቷ ይህን ሁለተኛውን አክርራ ለመራጩ፣ ለመምህሩ፣ ለጠበቃው፣ ለሰባኪው ሁሉ አደረገችው። በቃልም ሆነ በድርጊት ለጠላት አዝኖ እንደማያውቅ ጭምር ያስምል ነበር። ጆን ከሚንግስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ሳይምል ሰበከ፤ ተይዞ 500 ዶላር ተቀጣ፤ አልከፍልም ብሎም ታሰረ። አስቡት፣ ሌላውን የሚያስምለው ካህን ራሱ ሳይምል አፉን እንዳይከፍት ተብሎ! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 1867 በ5 ለ4 ድምፅ መሐላውን ሻረው። ምክንያቱ ከቃሉ ጉዳያችን ጋር አንድ ነው፦ መሐላው ያለፈ ሥራን የሚቀጣ እንጂ የወደፊት ግዴታን የሚያስገባ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊንከንን የተካውን የፕሬዚዳንት ጆንሰንን የሜይ 29 ቀን 1865 አዋጅ ስትተረጉሚ «ምሕረት» እና «ይቅርታ»ን እንዳታቀላቅዪ። በእኛ ሕግ ምሕረት በጅምላ ነው፤ ይቅርታ ለአመልካቹ ለየብቻው ነው። አዋጁ እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ብዙኃኑ ይምልና ምሕረት ያገኛል። አሥራ አራት ዓይነት ሰዎች ግን፣ ከ20,000 ዶላር በላይ ግብር የሚከፈልበት ሀብት ያለውን ጨምሮ፣ ለፕሬዚዳንቱ በየግላቸው ይቅርታ ማመልከት ነበረባቸው። ቃሎቹ ተዘጋጅተው የጠበቁሽ ያህል ነው።

ጠያቂዋ፦
የሕግ ባለሙያው፣ «የንጽሕና መሐላ» ልቤን አሳርፎታል። ግን የጦር መርከቡስ?

የአማርኛ መምህሩ፦
እርሱማ ቀላሉ ነው። «ብረት ለበስ» የሚል ቃል አለን፤ ዛሬ ለጦር ተሽከርካሪ እንለዋለን። በብረት የተለበጡት መርከቦች በቨርጂኒያ ባሕር ዳርቻ፣ በሃምፕተን ሮድስ የተዋጉት በማርች 1862 ነው፤ መሐላው የወጣው ከዚያ ወደ አራት ወር ገደማ ዘግይቶ ነው። በዚያ ዓመት ስለ ብረት ለበስ ያልሰማ አልነበረም። «ብረት ለበስ መሐላ» በዪው፤ ቀዳዳ የሌለው ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ሲያስፈልግ ደግሞ «የንጽሕና መሐላ» ብለሽ ባሕርዩን ግለጪ። አንዱ ስሙ ነው፣ ሌላው ፍቺው ነው።

ለምርኮኞቹ «ቅብ» የሚለውን ቃል አስቢበት። የወርቅ ቅብ እንደምንለው፣ «ቅብ ያንኪ»፤ «ያንኪ» ደቡቦቹ የሰሜኑን ሰው የሚጠሩበት ስም ነው። ውስጡ ሌላ፣ ላዩ ሌላ። ስድስት ሺህ የሚሆኑ ነበሩ፤ ከ1864 ጀምሮ ወደ ምዕራቡ ድንበር ተላኩ፤ የቀድሞ ጓደኞቻቸውን እንዳይወጉ።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ከእነዚያ ምርኮኞች አንዳንዶቹ ከማሉበት ከፖይንት ሉካውት የምርኮኞች ሰፈር በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቄ ነው የምኖረው። ዜግነት ስወስድ የማልኩት መሐላ ውስጥ አንድ ሐረግ ነበር፤ ግዴታውን በነፃ ፈቃዴ፣ ያለ ልብ ሽሽግና ያለ ማምለጫ ሐሳብ እንደምገባ የሚል። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እጃችንን ካነሣን ሰዎች መካከል ሐበሾች ብዙ ነበርን፤ ከጎኔ የቆሙት እናት ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ ቀስ ብለው «አሜን» ይሉ ነበር። ይህ ሐረግ በ1862ቱ ብረት ለበስ መሐላ ውስጥ የነበረ መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። በአማርኛ እንዴት እንደምለው ግን እስካሁን አልተደላደለልኝም። «ሰምና ወርቅ የሌለበት» ብለው ምን ይመስላችኋል?

የአማርኛ መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ግሩም ነው፤ ግን ሰምና ወርቅ በእኛ ዘንድ የጥበብ ስም ነው። በሰምና ወርቅ የተናገረ ሰው ይመሰገናል፤ አድማጩም ወርቁን እንዲያገኘው ይፈልጋል። በልቡ ሸሽጎ የሚምል ሰው ግን ማንም እንዳያገኝበት ነው የሚሸሽገው። ከአፉ «እታመናለሁ» ይወጣል፣ በሆዱ «እስኪያልፍ ድረስ» የሚል ይጨምርበታል። «ውስጠ ወይራ»ም ቢሆን የቅኔ መንገድ ነው፤ እንደዚያው ይከብረዋል።

እኔ «ከአንገት በላይ»ን እመርጣለሁ። «ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቤ» ብሎ ሰው ሲምል ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ቀለል አለ የሚል ካለ ግን «በልቤ ያስቀረሁት ሳይኖር» ይበል። «አስቀረ» ውስጥ ለራስ ቆንጥሮ ማስቀመጥ አለ፤ ሐረጉ የሚከለክለውም እርሱን ነው።

ከጎንደር፦
በመሐል ገባሁ፣ ይቅርታ። ለሸፈተ ሰው የእኛ ቃል እኮ «ገባ» ነው። «ሸፍቶ ነበር፣ አሁን ገባ» እንላለን። ለምን «ገቡ» አትዪም? አማርኛው ያምራል፣ አጭርም ነው።

የአማርኛ መምህሩ፦
ያምራል፤ ነገር ግን «ገባ» ለሰው ነው። ሸፍቶ የነበረው ለንጉሡ ወይም ለገዥው ይገባል፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። ምኒልክ በ1878 ለአፄ ዮሐንስ ሲገቡ እንዲያ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ መግባት ውስጥ ዋናው ነገር ገላ ነው፦ አንገቱ፣ ጉልበቱ፣ ግንባሩ። «ምኒልክ ይሙት» ብለን እንምል የነበረውም በሰው ሕይወት ነው። የአሜሪካው ገበሬ ግን ማንም እግር ላይ አልወደቀም። ቆሞ፣ እጁን አንሥቶ፣ ለተጻፈ ሕግ ማለ፣ ስሙን ፈረመ፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሄደ። የደቡቡ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሊ እንኳ ኦክቶበር 2 ቀን 1865 ሌክሲንግተን ውስጥ የፈረመው ያንኑ መሐላ ነው። ያ ወረቀት በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተገኘው በ1970 ነው። ለዚህ «ገባ» ካልን አንባቢ ንጉሥ ይፈልጋል። ለምርኮኞቹ ግን «ለሰሜኑ ጦር ገቡ» ቢባል አይከፋኝም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሊንከኑን መሐላ እንዲህ አድርጌ አስተካክያለሁ፦ «እኔ እገሌ፣ ሁሉን በሚችል በእግዚአብሔር ፊት፣ ከእንግዲህ ወዲህ የአሜሪካን ሕገ መንግሥትና በእርሱ ሥር ያለውን የክፍላተ ሀገር ኅብረት በታማኝነት ልደግፍ፣ ልጠብቅና ልከላከል እምላለሁ።» መጨረሻው ላይ «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ብያለሁ። «ብዋሽ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ» ማለት እጄን ስቦት ነበር፤ የእኛ ሰው የሚምለው ራሱን ረግሞ ነውና። ግን የእንግሊዝኛው ቃል የለመነው እርዳታ ስለሆነ እርዳታ ብዬ ተውኩት።

አንድ ብቻ ቀረኝ። ብረት ለበሱ ላይ ያለው «በፈቃዴ»። ደቡቡ ከኤፕሪል 1862 ጀምሮ ሰው በግዳጅ ያዘምት ነበር። ተገዶ የዘመተ ልጅ «በፈቃዴ አላነሣሁም» ብሎ ሊምል ይችላል ማለት ነው። «በፈቃዴ» ግን አማርኛው ላይ የይስሙላ ቃል መሰለኝ፤ አንባቢ ሳያየው ያልፈዋል።

የሕግ ባለሙያው፦
ያልፈዋል፣ ልክ ነሽ። የዚያን ልጅ ዕጣ የሚወስነው ያ አንድ ቃል ነው። «ወድጄ» በዪው። «ወድጄ መሣሪያ አንሥቼ አላውቅም።» የእኛ ሰው «ሳይወድ በግዱ ዘመተ» ሲል «ወደደ»ን ከ«ግድ» ጋር አጋጥሞ ስለሚናገር፣ «ወድጄ» የሚለውን ሲያነብ ግዱን ራሱ ይሰማዋል።