«ተራ ጉዳይ» የማን ጉዳይ ነው? የቻይና ፍርድ ቤት ክርክር

የጓንዡው፦ ትናንት እዚህ አንዷ «ቻይና ፍርድ ቤት የላትም፤ ያላት የኮሚኒስት ፓርቲው ማኅተም ነው» ብላ ጽፋ ሁሉም አጨበጨበላት። እኔ ጓንዡ ስምንት ዓመት ነግጃለሁ። አንድ ፋብሪካ ቀብዴን በልቶ ዕቃ ሲከለክለኝ ከስሼ ብሬን አስመልሻለሁ። ጉቦ የለ፣ ዘመድ የለ። ፖለቲካ ውስጥ ካልገባህ ለተራ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ይሠራል። ወረቀት ከማንበብ ኖሮ ማየት ይሻላል።

ጠበቃዋ፦ «አንዷ» እኔ ነኝ። ማኅተም ያልኩት ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በ2017 መጀመሪያ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው) የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ዦው ቺያንግ ለዳኞች ምን አለ? የዳኝነት ነፃነት የሚባለውን የምዕራብ የተሳሳተ አስተሳሰብ ተቋቋሙ አላቸው። የዳኞቹ አለቃ ራሱ!

ቡና በጨው፦ ሕገ መንግሥታቸው ግን ፍርድ ቤት በነፃነት ይዳኛል ይላል እኮ።

ጠበቃዋ፦ ጨርሰህ አንብበው እንጂ። ጣልቃ እንዳይገቡ የተከለከሉት የአስተዳደር አካላት፣ ማኅበራትና ግለሰቦች ናቸው። ማን ቀረ? ፓርቲው። ረስተውት ይመስልሃል?

ቡና በጨው፦ እሺ፣ ቡናዬን ልጠጣ።

የጓንዡው፦ ይኼ ሁሉ ፖለቲካ ነው። እኔ ያልኩት ተራ ጉዳይ።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እስቲ ይቺን «ተራ ጉዳይ» ልያዛት። ወተት ተራ ነው? በ2008 ሜላሚን የሚባል የፋብሪካ ኬሚካል የተጨመረበት የሕፃናት ወተት ወደ 300 ሺህ ልጆች አሳመመ፤ ስድስት ሞቱ። ወላጆች ካሳ ሊጠይቁ ሲሄዱ ፍርድ ቤቶች መዝገብ አንከፍትም አሏቸው። ጠበቆችም ጉዳዩን እንዳይዙ ተገፉ። ሌሎች ወላጆችን ያሰባሰበ አንድ አባት በ2010 ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። የትኛው ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ነው? ልጁን ወተት አጠጣ!

የጓንዡው፦ በወተቱ ሁለት ሰዎች በሞት ተቀጥተዋል። የኩባንያዋ ኃላፊ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባታል። ይኼን ለምን ዘለልሽው?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አልዘለልኩም። መንግሥት ሲከስ በሩ ወለል ይላል፤ እናት ስትከስ ይዘጋል።

ጠበቃዋ፦ ከወተትም የባሰ ተራ ልስጥህ፦ ፍቺ። ከሄናንና ከዠጂያንግ ክፍለ ሀገሮች የፍቺ ፍርዶችን በብዛት ከኢንተርኔት ሰብስቦ ያጠና ምሁር አለ። ሴትየዋ ይደበድበኛል ብትል እንኳ የመጀመሪያው ክስ በአብዛኛው ውድቅ ነው። ስድስት ወር ጠብቂና ተመለሺ። ለምን? ዳኛው ፋይል ተቆልሎበታል፤ ማፋታት ጊዜ ይበላል፣ መከልከል ይቀላል። በዚያ ላይ ባልየው ተናድዶ አንድ ነገር ቢያደርግ ጦሱ ለዳኛው ይተርፋል። ከቤጂንግ የደወለለት የለም። ቁጥጥሩ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው።

አቤል ዘጉለሌ፦ የእኛን ቀጠሮ ያየ በቻይና አይስቅም።

ጠበቃዋ፦ አቤል፣ እባክህ። በእኛ ሌላ ቀን እንቃጠላለን።

የጓንዡው፦ ያዝኩሽ! «ከኢንተርኔት ሰብስቦ» አልሽ። ማኅተም ብቻ ያለው አገር ከ100 ሚሊዮን በላይ ፍርድ ለሕዝብ ይጭናል? ሌላ ማን አደረገው?

ጠበቃዋ፦ ልክ ነህ፣ በ2013 ሲጀምሩ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ግባና የሞት ፍርድ ፈልግ። ከ2021 ወዲህ እየተነቀለ ጠፋ፤ አዲስ የሚጫነውም በጣም ቀነሰ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ለፍርድ ቤት ሰዎች ብቻ የሚከፈት የመረጃ ቋት ሊመጣ ነው ተባለ። የተቆጡት የራሳቸው የሕግ መምህራን ናቸው። አንተ የምትኮራበትን መዝገብ ያስከብሩ የነበሩት እነሱ ነበሩ፣ አንተ አይደለህም።

የጓንዡው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጫኑ አይቆምም ብሏል። ስህተትም ያርማሉ። በግድያ የፈረዱበትን ኒዬ ሹቢንን በ2016 ነፃ አላሉትም?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሉት። ለመቃብሩ። በ1995 ገድለውታል እኮ! የ20 ዓመት የፋብሪካ ልጅ ነበር። ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል ሌላ ሰው በ2005 ተገኝቶ እንኳ የልጁ እናት አሥራ አንድ ዓመት ተጨማሪ ተመላልሳለች። እሱስ ተራ አልነበረም?

ቡና በጨው፦ ሚሚ፣ አንቺ ደግሞ አሜሪካ ተቀምጠሽ። እዚያስ በስህተት የተገደለ የለም?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አለ። እሱን ስጽፍ ግን መዝገቡን የሚነቅልብኝ የለም። አንተ ቡናህን አልጠጣህም እንዴ?

የጓንዡው፦ የፈለጋችሁትን በሉ። ብሬን መልሰውልኛል፤ ይኼን ማንም አያስክደኝም።

ጠበቃዋ፦ ማንም አልካደህም። የከሰስከው ፋብሪካ የማን ነበር?

የጓንዡው፦ የግል።

ጠበቃዋ፦ የከተማው መንግሥት ቢሆንስ?

የጓንዡው፦ ከእነሱ ገዝቼ አላውቅም።

አቤል ዘጉለሌ፦ ለምን?

የጓንዡው፦ ኮንቴይነር ገብቷል፤ ማታ እመለሳለሁ።