ናይትረሱ አንዴ ያንኳኳል፣ አንዴ ያፍነዋል፤ ጄት ልቀይር?

ባለ 5.0፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2012 ማስታንግ ጂቲ ነው፤ ማንዋል ማርሽ፣ ሞተሩ ውስጡ ያልተነካ። ከወር በፊት ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ዌት ኪት ገጠምኩበት፤ ናይትረሱ (ለሞተሩ ተጨማሪ ኦክስጅን የሚሰጠው ጋዝ) እና ተጨማሪ ቤንዚኑ በአንድ ኖዝል፣ ማለትም በአንድ መርጫ አፍ፣ አብረው የሚገቡበት ዓይነት ነው። ቦትሉ ባለ 10 ፓውንድ ነው፣ ሙሉ ነበር። ጄቶቹ (የናይትረሱንና የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑት ቀዳዳዎች) ከኪቱ ጋር የመጡት ናቸው። ቤንዚን ሁሌም ባለ 93 ኦክቴን ነው የምሞላው።

ቅዳሜ ጠዋት መካኒክስቪል ወዳለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ይዤው ሄድኩ። ብርድ ስለነበር የቦትሉን ማሞቂያ ከቤት ስወጣ ጀምሬ አበራሁት። በመጀመሪያው ሩጫ ጉልበቱ ልዩ ነበር፤ ግን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰማሁና እግሬን አነሳሁ። ዋይድባንዱ (የአየርና የቤንዚን ድርሻ የሚለካው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቤንዚን አንሷል ማለት ነው) 12.8 ይላል። ደንግጬ ማሞቂያውን አጠፋሁት። ሦስተኛው ሩጫ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፦ 10.5፣ ጥቁር ጭስ፣ መኪናው ትንፋሽ ያጠረው ይመስላል፣ በተለይ ወደ መጨረሻው ጭራሽ ይደክማል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጄት፣ ሁለት በሽታ። ይህን መኪና የገዛሁት ሌሊት እየሠራሁ ነው፤ ሞተሩን ማጣት አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

ቬጋስ

የቤንዚን ጄቱን አንድ ቁጥር ከፍ አድርግ፣ ማንኳኳቱ ይቆማል። ማሞቂያ ላይም ገንዘብ አታጥፋ፤ ድሮ እኛ በፕሮፔን ችቦ ነበር የምናሞቀው፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

መካኒክ፣ ዴንቨር

ቬጋስ ወንድሜ፣ ችቦውን ተው። እሳት የነካው ቦትል ብረቱ ይዳከማል፣ መቼ እንደሚከዳህም አታውቅም። የድራግ ሩጫ ማኅበሩ ኤንኤችአርኤም የሚፈቅደው ቴርሞስታት ያለው የብርድ ልብስ ዓይነት ማሞቂያ ብቻ ነው።

ጄቱንም አትንኩት። ልጄ፣ ቤንዚን ብትጨምር የመጀመሪያው ሩጫ ይስተካከልልህና ሦስተኛው ይብስብሃል። መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገረኝ። የቦትሉ ግፊት ስንት ነበር? ቦትሉስ የኋላ ኮፈን ውስጥ እንዴት ተኝቷል፣ ቫልቩ ወዴት ነው የሚያየው?

ባለ 5.0፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የግፊት ጌጁ ቦትሉ አንገት ላይ ስለሆነ ስነዳ አይታየኝም። ግን ከመጀመሪያው ሩጫ በፊት ፎቶ አንስቼ ነበር፣ አሁን አጉልቼ ሳየው 1,200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ይላል። ሦስተኛውን ሩጫ ጨርሼ ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው 700 ነበር። ቫልቩ ወደ ኋላ መብራቱ ነው የሚያየው፤ ኮፈኑን ከፍቼ ለመዝጋት እንዲመቸኝ ብዬ ነው።

መካኒክ፣ ዴንቨር

በቃ፣ ሁለቱም በሽታዎች ተገኙ።

አንደኛው ግፊት ነው። ኪቱ የተለካው ከ900 እስከ 1,000 ፒኤስአይ ድረስ ላለ ቦትል ነው። ቤንዚኑ የሚመጣው ከመኪናው ፓምፕ ስለሆነ ግፊቱ ያው ነው፣ ቦትሉ ቢሞቅም ቢበርድም አይሰማውም። ናይትረሱ ግን ከሙቀቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። 1,200 ላይ ናይትረሱ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ፣ አንኳኳ። 700 ላይ ናይትረሱ አነሰ፣ ቤንዚኑ ተረፈ፣ ጥቁር ጭስ። ጄቱ ምንም አላጠፋም።

ሁለተኛው ቦትሉ ዞሮ መታሰሩ ነው። ውስጡ ሲፎን ቱቦ አለ፤ ከቫልቩ ተነስቶ እስከ ቦትሉ ቂጥ ይደርሳልና ከታች በኩል ፈሳሹን ይስባል። መኪናው ሲፈተለክ ፈሳሹ ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ የቦትሉ ቂጥ ወደ ኋላ መሆን አለበት፣ ቫልቩ ወደ ሹፌሩ፣ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ተለጣፊው ጽሑፍ ወደ ላይ። አንተ ጋ ፈሳሹ ወደ ቫልቩ ሲሄድ ቱቦው ፊት ለፊት ባዶውን ጋዝ ይጠጣል። መጨረሻ ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ዳይኖ፣ ዳላስ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ማሞቂያው ነው። ናይትረስ ወደ 97 ፋራናይት ሲጠጋ ፈሳሽነቱን ያጣል፤ ከዚያ በላይ ቦትል ውስጥ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ 1,200 ያየ ቦትል ሞቋል ብቻ ሳይሆን ከሥርዓት ወጥቷል። ይበልጥ ቢሞቅ ደግሞ ሴፍቲ ዲስኩ ይፈነዳና ያለው ሁሉ ባንዴ ይወጣል። የማስታንግ የኋላ ኮፈን ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። የዲስኩን መውጫ በቱቦ ከመኪናው ውጭ አውጣው፤ መስኮት ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ኦክስጅን ያጣል።

በግፊት የሚሠራ ቴርሞስታት ግዛ። 950 ሲደርስ ራሱ ይጠፋል፣ ሲወርድ ራሱ ይበራል። አንድ ጌጅ ደግሞ ፊትህ አድርግ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ፦ ግፊቱ ቦትሉ ውስጥ ስንት እንደቀረ አይነግርህም። ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሙቀቱ ነው። የቀረውን ማወቅ ከፈለግህ ቦትሉን በሚዛን ላይ አስቀምጠው። 100 ፈረስ ለ10 ሰከንድ አንድ ፓውንድ ገደማ ይበላል ብለህ አስብ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ታይሚንግ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ) ስንት ዲግሪ ቀነስክ? ካንዴላ ቀየርክ? ናይትረሱ ከስንት አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ነው የሚከፈተው?

ባለ 5.0፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ታይሚንግ አልነካሁም። ካንዴላውም የፋብሪካው ነው። የሚከፈተው በፔዳሉ ብቻ ነው፤ ሙሉ ስረግጥ ይከፈታል።

ዳይኖ፣ ዳላስ

እንግዲያው ይሄ ሁሉ ሳይስተካከል ቦትሉን አትክፈት። የዚህ ሞተር ኮምፕሬሽን 11 ለ 1 ነው፣ ስህተት አይሸከምም።

ለእያንዳንዱ 50 ፈረስ ሁለት ዲግሪ ይቀነሳል፤ አንተ አራት ትቀንሳለህ። ካንዴላው በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ክፍተቱ 0.032 ኢንች። ዊንዶው ስዊች ግጠም፦ ከ3,000 በታች አይከፈት፣ 6,700 ላይ ይዘጋ። ከታች ከተከፈተ ሞተሩ አየር የሚስበው ቀስ ብሎ ስለሆነ ናይትረስና ቤንዚን ኢንቴኩ (የአየር መግቢያው) ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ አንድ ብልጭታ ኢንቴኩን ይሰነጥቀዋል። ከላይ ደግሞ ናይትረሱ ክፍት ሆኖ ሊሚተሩን (የዙር ገደቡን) ከመታ፣ ሊሚተሩ የኢንጀክተሮቹን ቤንዚን ሲቆርጥ ናይትረሱ መግባቱን ይቀጥላል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ነው። የቤንዚን ግፊት ስዊችም አትርሳ፤ ፓምፑ ሲደክም ናይትረሱን ይዘጋልሃል።

አንዴ ስላንኳኳ ደግሞ ካንዴላዎቹን አውጥተህ በማጉያ መነጽር እያቸው። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተረጨ ነገር ወይም የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካለ፣ ያ ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚኒየም ነው። ኮምፕሬሽኑንም አስለካው።

ቬጋስ

የቫልቩን አቅጣጫ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ጄት ቀይር ያልኩትን ተወው፤ ለሱ ሞተር አደገኛ ምክር ነበር።

ቦሌ፣ አዲስ አበባ

እኔ ከአገር ቤት ነኝ፣ ኮሮላ ነው የምነዳው። አየሩ ስስ ስለሆነ ናይትረስ እዚህ የበለጠ ይጠቅማል ይባላል፤ እውነት ነው?

መካኒክ፣ ዴንቨር

ሐሳቡ እውነት ነው። እኔም ከፍታ ላይ ነው የምሠራው፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ናይትረስ ግን ኦክስጅኑን ይዞ ነው የሚመጣው፤ በክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፣ አየር ውስጥ ያለው 23 በመቶ ነው። ከፍታው አይቀንሰውም። ግን ወንድሜ፣ ያረጀ ኮሮላ ላይ አታድርገው። ቀለበት የበላ፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮኑ የደከመ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ይሄዳል። በዚያ ላይ ለሩጫ በተዘጋ ቦታ እንጂ በከተማ መንገድ የሚከፈት ነገር አይደለም። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን አስለካ፣ ቫልቭ አስተካክል፣ የኢንጀክተሮቹን ፍሰት አስፈትሽ። እዚያው የጠፋ ጉልበት ታገኛለህ።

ባለ 5.0፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ካንዴላዎቹ ላይ ፍንጥርጣሪ አልነበረም፣ ኮምፕሬሽኑም በስምንቱም እኩል ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቦትሉን አዞርኩ፣ ቴርሞስታት ገጠምኩ፣ አራት ዲግሪ አስቀነስኩ፣ ሁለቱንም ስዊቾች አስገባሁ። ጄቶቹ ያው ናቸው። ትናንት ሦስት ሩጫ ሮጥኩ፣ ሦስቱም 940 ፒኤስአይ ላይ፤ ዋይድባንዱ፦ 11.6፣ 11.7፣ 11.6። የሩጫው ሰዓት ያለ ናይትረስ 12.7 ሰከንድ ነበር፣ አሁን 11.8 ሰከንድ ገባ። አንድም ጊዜ አላንኳኳም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የአንዱ ሲሊንደር ካንዴላ ከሌሎቹ ትንሽ ነጣ ይላል።

ዳይኖ፣ ዳላስ

ኖዝሉ አንድ ስለሆነ ነው። ለስምንት ሲሊንደር ናይትረስና ቤንዚን እኩል አይደርስም፣ አንዱ ሁሌ ቤንዚን ያንሰዋል። ዋይድባንዱ የሚያሳይህ አማካዩን ነው፣ የዚያን ሲሊንደር አይደለም። ኖዝሉን ከስሮትል ቦዲው (አየር ከሚገባበት በር) ትንሽ ራቅ አድርገህ ሞክር፣ ከዚያ ያንኑ ካንዴላ እንደገና አውጥተህ ፎቶ ላክልኝ። እስከዚያው ከ100 አትለፍ።