«ዲም» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ግራ አጋባኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ውል ላይ ደጋግሜ ያየሁትን «ዲም» (deem) ልጠቀምበት ፈለግኩ። ድርጅታችሁ ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ ለማለት «አይ ዲም ዩር ካምፓኒ አዝ ዘ ቤስት» ብል ያስኬዳል? ከ«ቲንክ» ልዩነቱስ ምንድን ነው?

ሰዋስው ወዳድ፦ መጀመሪያ «አዝ»ን አውጣት። እሷን የሚፈልጋት «ሪጋርድ» ነው። «ዲም» ሲሆን ግሱ ይመጣል፣ ከዚያ የሚፈረድበት ነገር፣ ከዚያ ፍርዱ። «ዘይ ዲምድ ዘ ብሪጅ አንሴፍ» ማለት ድልድዩ ለአደጋ ያጋልጣል ብለው ወሰኑ ነው። ከፍርዱ በፊት «ቱ ቢ» ብትጨምርም ችግር የለውም። በብዛት ግን የምታገኘው «ዘ ብሪጅ ዋዝ ዲምድ አንሴፍ» በሚል መልክ ነው። ወሳኙ ሳይጠራ ውሳኔው ብቻ ይነገራል። መሥሪያ ቤቶች የሚወዱትም ለዚህ ይመስለኛል!

አስተማሪው፦ ሰዋስውስ ተስተካከለ እንበል፤ ቃሉ ራሱ እዚያ ቦታ ይከብዳል። «ቲንክ» የግል ሐሳብ ነው። «ዲም» ግን ብይን ብይን ይላል። «ዱም» ከሚለው ቃል ጋር የመጡት ከአንድ ሥር ነው፤ እሱም በጥንቱ እንግሊዝኛ ፍርድ ማለት ነበር። ሥራ ፈላጊ ቀጣሪው ላይ ብይን ሲሰጥ አስበው። ስለ ፊልም ስታወራ ብትጠቀምበትም ሰው ፈገግ ይላል።

የሕግ ተማሪ፦ ውል ላይ ያየኸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማስታወቂያው በተላከ በ3ኛው ቀን «ሻል ቢ ዲምድ ሪሲቭድ» ይላል እንበል። ደብዳቤው እጅህ ባይገባም እንደደረሰህ ይቆጠራል ማለት ነው። የሆነውን አይደለም የሚነግርህ፤ እንደሆነ ተቆጥሮ ይሠራበታል ነው የሚለው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ላይ ቆም ብለህ አንብብ፤ ብዙ ጊዜ ቀነ ገደብ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ማመልከቻው ላይ ጭራሽ ልተወው?

አስተማሪው፦ ለራስህ አስተያየት «ቢሊቭ» ወይም «ኮንሲደር» ይበቃሃል። «ዲም»ን ካልተጠቀምኩ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ግን ፍርዱን ለእነሱ ስጣቸው። ተጨማሪ ማስረጃ እንደምታቀርብ ጽፈህ «ኢፍ ዩ ዲም ኢት ኔሰሰሪ» በል፤ አስፈላጊ ሆኖ ካገኛችሁት እንደምንለው። እዚያ ቦታ ያምርበታል።

ሰዋስው ወዳድ፦ «አይ አም ዲሚንግ» እንዳትል ደግሞ፤ በዚያ መልክ አይነገርም።